ከአንጎልሽ ገጽ ላይ የጠረግነው እድፍ

ውድ እታለም፣

አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩልሽ። አሥራ አንድ! ስልክሽ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ያቺ የማትሰለቸው ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊያነጋግሩዎት አይችሉም» ትለኛለች። ከአንቺ ይልቅ እሷን ወደድኳት፤ ቢያንስ መልስ ትሰጣለች። በመጨረሻ የላክሽልኝ መልእክት ደግሞ ሦስት ቃል ነው፦ «ደህና ነኝ፣ ተዪኝ።» የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንሽ ቃል መቆጠብ ትወጃለሽ። እኔ ደግሞ መቆጠብ አልችልበትም፣ ታውቂኛለሽ። ስለዚህ ደብዳቤ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ደብዳቤ አይዘጋብኝም።

አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ተናድጃለሁ። በአንቺ ተናድጃለሁ፣ በመሥሪያ ቤቴ ተናድጃለሁ፣ በራሴማ አይነሳ። አንዳንድ ቦታ ላይ ብጮህብሽ ዝም ብለሽ እለፊው። ነገሩን ከሥሩ ነው የምጀምርልሽ፤ አክስታችን ይህን ደብዳቤ በትከሻሽ አሻግራ ማንበቧ ስለማይቀር ለእሷም እንዲገባት ብዬ ነው። (እንደምን ነሽ አክስቴ? መነጽርሽን አድርጊ፣ ረጅም ነው።)

እንግዲህ አክስቴ፣ እህቴ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ያ ነገር ይመጣባታል። የሚጥል በሽታ ይሉታል እንጂ እሷን አይጥላትም፤ ቀጥ ነው የሚያደርጋት። ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ይተከላል፣ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ትመለስና «ምን እያልኩ ነበር?» ትላለች። አራት ዓይነት መድኃኒት ተሞከረ። አንዱ አወፈራት፣ አንዱ ፀጉሯን አረገፈው፣ አንዱ ቀኑን ሙሉ አስተኛት፣ አራተኛው ምንም አላደረገም፤ እሱን ወደድነው።

አንቺ እታለም፣ ጠመኔ እንደያዝሽ ሰሌዳው ፊት ቀጥ ስትዪ ተማሪዎችሽ «ቲቸር ፖዝ» የሚል ስም አወጡልሽ። እየሳቅሽ ነው የነገርሽኝ። ርዕሰ መምህሩ ግን አልሳቀም። «ለራስሽ ደህንነት ነው» ብሎ ከክፍል አወጣሽና መጻሕፍት መጋዘን ከተተሽ። አሥራ ሦስት ዓመት ያስተማረች ሴት የተገነጠለ የመማሪያ መጽሐፍ በሙጫ ትለጥፍ ጀመር። ያኔ ነው አንድ ቀን ሳትስቂ «ወደ ክፍሌ የሚመልሰኝ ነገር ካለ ጭንቅላቴንም ይክፈቱት» ያልሽኝ።

የነርቭ ሐኪምሽም ያንኑ ነበር የምታስበው። «መድኃኒት ካልያዘላት ቀዶ ጥገና አለ» አለችን። «ግን የቀዶ ጥገና ሐኪሙ የት ብሎ ይቁረጥ? ነገሩ ከአንጎሏ ገጽ ላይ ከየት እንደሚነሳ የሚያሳየኝ አምጡልኝ።» እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «የእኛ ማሽን ያሳይዎታል፣ ዶክተር!» አልኩ። አፌን ሞልቼ! አንቺ ክንዴን ጨበጥ አደረግሽኝ። ያቺ ጨበጣ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ስለ ሥራዬ ስትጠይቂኝ ሁልጊዜ «ኮምፒውተር ላይ ነው» እያልኩ አልፍሽ ነበር። ዛሬ አላልፍሽም። የሰው አንጎል ገጽ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ነው፤ የሚበዛው እጥፋቱ ውስጥ ተደብቋል። ኤም አር አይ ያነሳውን ምስል እንደ ዳቦ በስስ በስሱ እንከፋፍልና በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ሁለት መስመር እናሰምራለን። አንዱ መስመር ነጩ አካል አልቆ ግራጫው የሚጀምርበት ነው። ሌላው ግራጫውም የሚያልቅበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የገጹ ውፍረት ነው፤ ሁለት ወይ ሦስት ሚሊሜትር። ከዚያ ኮምፒውተሩ ያን የተጨማደደ ገጽ እንደ ኳስ ይነፋዋል። እጥፋቱ ሁሉ ይዘረጋና የአንዱ ሰው ገጽ ከሌላው ጋር ይመዛዘናል፤ የት ጋ ወፈረ፣ የት ጋ ሳሳ።

ድሮ መስመሩን የምናሰምረው በእጃችን ነበር። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች፣ አንድ አንጎል ለሁለት ቀን። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ መስመር ነበሩ። ስሙን እኛ ነን ያወጣንላቸው፤ የሻይ ብርጭቋቸው የሚቀመጥበትን ቦታ እንኳን ጠረጴዛው ላይ በእርሳስ ክብ ሠርተው የወሰኑ ሰው ናቸው። ብርጭቆው ከክቡ ከወጣ ሥራ አይጀምሩም።

ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ፕሮግራመር ተቀጠረና በዲፕ ለርኒንግ ማሽን እናስተምራለን አለ። «ማስተማር» ሲል እንደ አንቺ ጠመኔ ይዞ አይደለም። በእጃችን ያሰመርናቸውን ሦስት መቶ አርባ አንጎሎች ለማሽኑ ሰጠው። ማሽኑ ይገምታል፣ ከእኛ መስመር ጋር ይተያያል፣ ሲሳሳት ይታረማል፣ እንደገና ይገምታል። እንዲህ እያለ እጃችንን ቀዳ። አሁን ሁለት ቀን የሚፈጅብንን በአራት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ፕሮግራመሩ በር ላይ ላገኘው ጥበቃ ሳይቀር «ዘጠና ስምንት ከመቶ!» ስለሚል ስሙ ዘጠና ስምንት ሆኖ ቀረ። ሲያገባ «ሁለቱን ከመቶ ሚስቱ ትድረስበት» ብለን አምተነዋል። ጋሽ መስመርም ጡረታ ወጡ። ብርጭቋቸውን ይዘው ሄዱ፣ ክቡ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

የአንቺ ምስል ተነሳ። ማሽኑ አራት ደቂቃ ፈጀ። መልሱ መጣ፦ «የገጹ ውፍረት በሁሉም ቦታ በጤናማ ልክ ውስጥ ነው። እንከን አልታየም።» የሐኪሞች ስብሰባ ከቀዶ ጥገናው ዝርዝር አወጣሽ። አንቺም ኮሪደሩ ላይ «እንግዲህ ጤነኛ ነኝ፣ የተበላሸው ጠባዬ ነው» ብለሽ አሳቅሽን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሻንጣሽን ይዘሽ አክስታችን ጋ ሄድሽ። ለምን እንደሄድሽ አልነገርሽኝም። እኔም አኩርፌ አልጠየቅሁሽም።

በመሥሪያ ቤታችን ደንብ አለ፤ ማንም ሠራተኛ የዘመዱን ምስል አይከፍትም። እኔም በደንቡ ተከልዬ አራት ወር ተቀመጥኩ። ደንብ አክባሪ ስለሆንኩ አይምሰልሽ። ከደንቡ ሌላውን ሁሉ ጥሻለሁ፤ ኪቦርዱ ላይ ብርቱካን የምበላ ሰው ነኝ። ፈርቼ ነው። ማሽኑ «ምንም የለም» ያለበትን ቦታ በዓይኔ አይቼ እኔም ምንም እንዳላገኝ ፈርቼ።

ባለፈው ወር አንድ ረቡዕ ጠዋት ግን ተራዬ ደረሰ። ማሽኑ እስካሁን ከሠራቸው ምስሎች በየሳምንቱ አሥሩ በዕጣ ይወጡና አንዳችን በዓይን እናያቸዋለን። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ሰባተኛውን ከፈትኩ። አረንጓዴው መስመር በየእጥፋቱ ገባ ወጣ እያለ እንደ ጥልፍ አምሯል። ከድሮ ልማዴ የተነሳ መስመሩን አጠፋሁና ባዶውን ምስል አየሁ። በግራ በኩል ከአንድ እጥፋት ሥር ግራጫውና ነጩ የሚለዩበት ጠርዝ ጠፍቷል። ደብዘዝ ያለች፣ ምስር የምታክል ነገር።

እታለም፣ ያቺን ነገር አውቃታለሁ። ስም ሁሉ አለን ለእሷ፤ «እድፍ» ነው የምንላት። ሰው ኤም አር አይ ውስጥ ተኝቶ ሲንቀሳቀስ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ይጠፋል። የጋሽ መስመር ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «ተጠራጠርሽ? ጥረጊው!» እድፉን ችላ ብለሽ ጤናማው መስመር ማለፍ ባለበት ታሳልፊዋለሽ። መቶ ጊዜ ጠርጌያለሁ። ማሽኑም ልክ እንደ እኔ አድርጎ፣ በእኔው አጠማዘዝ፣ እድፉን ዘሎ መስመሩን በላዩ አሳልፎታል። የራሴን ፊርማ በሰው እጅ ተፈርሞ ያየሁ መሰለኝ።

ከዚያ ቁጥሩን አነበብኩ። የምርመራሽ ቀን ቅጽሽን በእጄ ይዤ ወረፋ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። አንቺ ነሽ።

ዘጠና ስምንትን ጠራሁት።

«ና እስቲ ይህን እየው።»

«ምኑን? አሳምሮ ነው ያሰመረው።»

«መስመሩን አጥፋና እየው አልኩህ!»

አየ። ትከሻውን ነቀነቀ። «ሴትዮዋ ተንቀሳቅሳ ይሆናል።»

«ከተንቀሳቀሰች ምስሉ በሙሉ አይደበዝዝም እንዴ? በዚህች ምስር በምታክል ቦታ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰችው?»

«እኔ እንጃ። ማሽኑ ዘጠና ስምንት ከመቶ ትክክል ነው።»

«ከምን ጋር ተመዝኖ?»

«ከእናንተ ጋር ነዋ! እናንተ ካሰመራችሁት ጋር ዘጠና ስምንት ከመቶ ይገጥማል።»

«እኛስ ተሳስተን ከሆነ?»

እድሜ ልኩን ያንን ቁጥር ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ይመስል ነበር። «እንግዲያ» አለ፣ «ስሕተታችሁንም በዚያው ልክ ቀድቶታል ማለት ነዋ።» አንገቱን ይዤ ባንቀው ደስ ባለኝ፤ ግን ምን ብዬ? እውነቱን ነው።

በማግስቱ ጋሽ መስመርን ለመንኳቸውና መጡ። ሸሚዛቸው እንደ ድሮው ተተኩሷል። የማን ምስል እንደሆነ አልነገርኳቸውም። «ጋሼ፣ ይህን አንጎል በእጅዎ ያሰምሩልኝ» ብቻ አልኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉና ወዲያው አገኟት።

«ይቺ እድፍ ናት። ትጠረጋለች።»

«ሴትዮዋ እኮ ጤነኛ አይደለችም ጋሼ። የሚጥል በሽታ አለባት።»

እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሱ። «ጤነኛ ካልሆነች ታዲያ እኛ ክፍል ምን አገባት?»

«አሁን ማሽኑ የሚያየው በሽተኞችን ነው።»

«በእኔ መስመር?»

«በእኛ መስመር።»

ፊታቸው ቀላ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ያሰመርኩት የጤነኞችን ነው! ሦስት መቶ አርባ በጎ ፈቃደኛ፣ አንዳቸውም ራስ ምታት እንኳን የሌለባቸው! ለእርጅና ጥናት ነበር። ጤነኛ ሰው ላይ ያ እድፍ ነው። በሽተኛ ላይ ጥረጉ ያለው ማነው?»

«ማንም አላለም። ማንም አልጠየቀም።»

ይህንን ነው የምልሽ፣ እታለም! ማንም ክፉ አልሠራም። አንድ ማለዳ ብቻ ማሽኑን ከጤነኞቹ ጥናት አንስተው ወደ ሕሙማን ክፍል አዛወሩት፤ እንደ ወንበር። እኔ እዚያ ነበርኩ። አጨብጭቤያለሁ። «ይህ ማሽን በሽተኛ አይቶ አያውቅም እኮ» ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። እድፍ መጥረግ እንደለመድን የምናውቀው ግን ሦስታችን ብቻ ነበርን።

ጋሽ መስመር ሁለት ቀን ተቀምጠው አሰመሩ። እድፏ ጋ ሲደርሱ አልጠረጉም፤ ጠርዙ በሄደበት ሄዱ። ውፍረቱ ሲለካ በዙሪያው ያለው ሁለት ሚሊሜትር ተኩል፣ እዚያች ቦታ ላይ ከአምስት በላይ። መነጽራቸውን አወለቁና «ይህች ልጅ ማን ናት?» አሉኝ።

«ታላቅ እህቴ ናት ጋሼ።»

«ደንብ ጥሰሻል ማለት ነው» አሉ። መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱና «አራት ወር ዘግይተሽ» አሉኝ።

አሁን የሥራ አስኪያጃችንን ነገር ስሚ። ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። ማሽኑ ከተዛወረ ወዲህ ሁለት መቶ ስድሳ በሽተኞች ያየ ስለሆነ ሁሉም እንደገና ይታዩ አልኩ። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሰማኝና «ኮሚቴ ይቋቋም» አለ። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢ ሲመርጥ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሁለተኛ ጊዜ ተሰበሰበና «እድፍ» የሚለው ቃል ለሪፖርት አይመጥንም ብሎ ሌላ ቃል ሲፈልግ ዋለ። እኔና ጋሽ መስመር ግን ኮሚቴውን ትተን የበሽተኞቹን ምስል በዓይናችን ማየት ጀምረናል። ዘጠና ስምንትም ከምሳ በኋላ እየመጣ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ያሰመረውን መስመር ያጠፋልናል። ሠላሳ አንደኛው ላይ ደርሰናል። እድፍ ያላቸው እስካሁን ሁለት ናቸው፤ አንቺን ሳልቆጥር።

ሐኪምሽ ጋ ምስሉን ወሰድኩላት። ረጅም ጊዜ አየችው። «ቃል አልገባም» አለች። «ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ትተኛ። ራሷ ላይ ሽቦ እንለጥፋለን፣ መድኃኒቷን እንቀንሳለን፣ ነገሩ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ከዚያች ቦታ መነሳቱ ከታየ ወደ ዝርዝሩ እመልሳታለሁ። ቦታዋ ደግሞ ለንግግር ከሚያገለግለው ክፍል አትርቅም። ይህንንም ሳትደብቂ ንገሪያት።» ይኸው፣ ሳልደብቅ ነገርኩሽ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ እህት መስዬ በወጣሁ። ግን ሐኪሟ አዲሱን ምስል ልታያይዝ የወረቀት መዝገብሽን ስትከፍት ከአራት ወር በፊት በተጻፈው ገጽ ላይ አንድ መስመር አየሁ፦ «እንደ እህቷ ገለጻ፣ ሕመምተኛዋ ከፍተኛ ጭንቀት አለባት።»

ከፊርማው አጠገብ የስብሰባው ቀን አለ። ከሥሩ ደግሞ የመዝገቡ ግልባጭ ለራስሽ የተሰጠበት ቀን አለ። ሻንጣሽን ያነሳሽው በዚያው ሳምንት ነው። አንብበሽዋል፣ አይደል? አንብበሽው ዝም አልሽኝ።

ብዬዋለሁ እታለም። ውጤቱ በመጣ ቀን ኮሪደሩ ላይ፣ አንቺ ውሃ ልትጠጪ ስትሄጂ፣ ሐኪሟ «ሌላ የምታውቂው ነገር አለ?» ስትለኝ፣ «ምናልባት ጭንቀት ይሆናል፣ ሥራዋን ካጣች ወዲህ ጥሩ አይደለችም» አልኩ። ማሽኑ ምንም የለም ብሏል፤ ማሽኑን ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከእጄ ሥራና ከአንቺ የቱን ልመን? የእጄን ሥራ አመንኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ዓይኔ እያየ ቀጥ ስትዪ የኖርሽውን ሴት ትቼ!

የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሻለሽ? ፀጉሬን እየጎነጎንሽኝ ነበር። ግማሹ አልቆ እጅሽ ቆመ። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፤ «እማዬ፣ ሆን ብላ እየፈዘዘች ነው!» ብዬ ጮህኩ። እማዬ ተቆጣችሽ። አንቺም «ምን እያልኩ ነበር?» ብለሽ ግማሹን ጎንጉነሽ ጨረስሽልኝ። ሳስበው ሁለት ጊዜ መስክሬብሻለሁ።

ወደ መዝገብ ክፍል ወርጄ ያቺን መስመር ሰርዙልኝ አልኩ። የመዝገብ ሠራተኛዋን ብታዪያት፣ በዓመት አንድ ጊዜ የምትስቅ ሴት ናት። ከመስኮቱ ጀርባ ሆና «እዚህ ቤት የተጻፈ አይሰረዝም» አለችኝ።

«ስሕተት ነው እኮ!»

«ስሕተትም አይሰረዝም። ማስተካከያ ካለሽ ከሥሩ ትጽፊና ትፈርሚያለሽ።»

«ሰው ሁሉ ያነበዋላ!»

«የተጻፈው ለዚያ ነው፣ እህቴ» አለችና ብዕሩን በቀዳዳው አሾለከችልኝ።

ተናድጄ ጻፍኩ። ቃል በቃል ልገልብጥልሽ፦ «ከላይ የተጠቀሰችው እህት እኔ ነኝ። ጭንቀት ያልኩት ከእውቀት አይደለም። የሕመምተኛዋን ምስል የመረመረው ማሽን ከሠለጠነባቸው መስመሮች አንድ መቶ አሥራ ሁለቱን ያሰመርኩት እኔ ስሆን፣ ደብዛዛ ቦታዎችን እያለፍኩ አሰምር ነበር። እህቴ ስለ ሕመሟ የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው፤ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ።» ፈረምኩ። ሠራተኛዋ አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ማኅተሙን መታች።

አልጋው ከመጪው ሳምንት ማክሰኞ ጀምሮ በስምሽ ተይዟል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መድረስ አለብሽ። እስከዚህ ዓርብ ካላረጋገጥሽ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ የሚጠብቅም ሞልቷል። እኔ ልፈርምልሽ ብዬ ነበር፤ «አይሆንም፣ ራሷ ትምጣ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ስለ አንቺ ጭንቅላት ብዙ ሰው ፈርሟል፤ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው።

እኔን ይቅር ብለሽ እንድትመጪ አይደለም የምለምንሽ። እንደተቆጣሽ ነይ። ከፈለግሽ ኮሪደሩ ላይ ሰላም ሳትዪኝ እለፊ፤ ሻንጣሽን ይዤ ከኋላሽ እከተላለሁ።

ሠራተኛዋ ከእኔ ጽሑፍ በታች በማስመሪያ ሰፊ ቦታ ከልላ «ይህ የሕመምተኛዋ ነው» ብላለች። ገና ባዶ ነው። ምን እንደምትጽፊበት አላውቅም። እኔን ብትሰድቢበትም እዚያው ይኖራል፤ ማንም አይጠርገውም።

ታናሽሽ